«ምንም የለብሽም» ከተባለ በኋላ፦ ቡናችንንና ገበታችንን በደብተር የምንፈትሽበት መንገድ

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ አለፍ ብሎ ባለው ኮንዶሚኒየማችን አብዛኛው ሰው ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል። 11 ሰዓት ካለፈ የታክሲው ሰልፍ አይቻልም። ቁርስ የሚባል ነገር የለም፤ ግቢው በር ላይ ጀበና ጥዳ ከምትጠብቀን ልጅ አንድ ሲኒ ጠጥቶ መሮጥ ነው። ማታ 1 ሰዓት ላይ ደክሞን ስንገባ ራት ይቀርባል፣ ገበታው ሳይነሳ ቡና ይቆላል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ በረካ ሲጠጣ 3 ሰዓት ይሆናል። እኔ እንዲህ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። ከስድስቱ አራቱን ራሴን ሲፈልጠኝ፣ ልቤ ያለ ምክንያት ትር ትር ሲል፣ ተኝቼ እንቅልፍ ሳልጠግብ ነው ያሳለፍኩት።

ራስ ምታቱን አንዱ ሳይነስ ነው አለኝ፤ ሌላው ማይግሬን፤ ሌላው ደግሞ የዓይን ነውና መነጽር አድርጊ አለኝ። ራጅ ተነሳሁ፣ ደም ሰጠሁ፣ ታይፎይድ ነው ተብሎም ሦስት ጊዜ መድኃኒት ወሰድኩ። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ውጤቶቼን ደርድሮ አየና «ምንም የለብሽም፣ ጭንቀት ይሆናል» አለኝ። የደረሰበት ያውቀዋል፤ እያመመህ የለም መባል እንዴት እንደሚከብድ።

መልሱ የተገኘው ልጄ ጨርሶ ከጣለው የሒሳብ ደብተር ጀርባ ላይ ነው። ራሴን ባመመኝ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን በቀይ እስክሪብቶ መጻፍ ጀመርኩ። ሦስት ሳምንት ሲሞላ ቀዩ ሁሉ ረቡዕ፣ ዓርብና እሁድ ላይ ተደርድሮ አገኘሁት። ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ። እሁድ ቅዳሴ አለ። ሕመሙ ጠዋት 4 ሰዓት ግድም ይጀምረኛል፣ 8 ሰዓት ላይ ብርሃን ማየት እስኪያቅተኝ ይብሳል፣ ከ9 ሰዓት በኋላ ቡናዬን ስጠጣ ደግሞ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይለቀኛል። ያመመኝ ጾሙ አልነበረም። ማታ 2 ሰዓት ላይ ከምጠጣው የመጨረሻ ሲኒ እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ድረስ 14 ሰዓት ነው። ካፌይን ሲቋረጥ የሚመጣው ራስ ምታት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

ከዚህ በታች ያለው እኔ የሄድኩበትና ከዚያ ወዲህ ለጎረቤቶቼ የማሳያቸው መንገድ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ መንገዱም ሐኪምን አይተካም። ሐኪሙ በአሥር ደቂቃ ሊያየው የማይችለውን የቀንና የሌሊት ኑሯችንን ግን ጽፎ ያቀርብለታል።

ደብተር የማይጠብቁ ምልክቶች

እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ወይም ደም ያለበት ትውከት፣ ምግብ አልዋጥ ማለት፣ ሳይፈልጉት እየከሱ መሄድ፣ የደረት ሕመም፣ ራስን ስቶ መውደቅ፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም አንደበት መተሳሰር፣ በድንገት የመጣና ከዚህ በፊት ደርሶባችሁ የማያውቅ ከባድ ራስ ምታት፦ ከእነዚህ አንዱ ካለ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቁሙና ሐኪም ቤት ሂዱ። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል፣ በተለይ ትኩሳትና የሌሊት ላብ ካለበት፣ የቲቢ ምርመራ ይፈልጋል። ሐኪም ያዘዘላችሁንም መድኃኒት ደብተር ጀመርኩ ብላችሁ እንዳታቋርጡ።

አንደኛ፦ ሁለት ሳምንት ምንም ሳይቀይሩ መጻፍ

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ነገሩን እንደሰማ በማግስቱ ቡናውን ያቆማል፣ ራሱን ይፈልጠዋል፣ «ቡና ለእኔ መድኃኒት ነው» ብሎ ይመለሳል። መጀመሪያ ምንም አትቀይሩ። 14 ቀን እንደወትሯችሁ ኑሩና ጻፉ። የእኔ የአንድ ዓርብ ጽሑፍ ይህን ይመስላል፦

«10፡30 ተነሳሁ። ሌሊት ሦስት ጊዜ ነቅቻለሁ። ቡና የለም። 4፡10 ግንባሬን ጀመረኝ፣ 3። 7፡30 እስከ ማጅራቴ ወረደ፣ 8። 9፡20 ሽሮ በእንጀራ። 9፡45 አቦል፣ ሁለት ሲኒ። 10፡40 ሕመም የለም፣ 0። ማታ 1፡40 አቦልና ቶና። 4፡00 ተኛሁ፣ 6፡30 ነቃሁ።»

ቁጥሮቹ የሕመሙ ክብደት ናቸው፤ 0 ምንም የለም፣ 10 ከዚህ በላይ አይቻልም ማለት ነው። አምስት ነገር አይቅርባችሁ፦ የተኛችሁበትና የነቃችሁበት ሰዓት፣ የበላችሁት፣ ካፌይን ያለው መጠጥ ሁሉ፣ የዋጣችሁት እንክብል፣ ምልክቱ ከነሰዓቱና ከነቁጥሩ። ሴቶች የወር አበባ የሚመጣበትንም ቀን ጻፉ፤ ማይግሬን ከእሱ ጋር ሊመላለስ ይችላል። ጫት የሚቅም ሰው ጫቱንም ይመዝግብ። በውስጡ ያለው ካቲኖን እንደ ካፌይን የሚያነቃ ነው፤ ሁለቱ ሲደራረቡ እንቅልፍ ቢጠፋና ልብ ቢመታ ምን ይገርማል?

ካፌይን ያለው መጠጥ ስል ቡና ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ ሲኒ ሻይ ከ30 እስከ 50 ሚሊግራም አለው። አንድ ሾት ኤስፕሬሶ፣ ማኪያቶ ውስጥ የገባውም ጭምር፣ ከ60 እስከ 80 ሚሊግራም። 300 ሚሊ ሊትር ኮካ ኮላ 30 ገደማ፣ 250 ሚሊ ሊትር የኃይል ሰጪ መጠጥ 80። ስፕሪስ ሻይም ቡናም ስለሆነ ከሁለቱም ይደርሳችኋል። ከቡና ቅጠልና ከገለባው የሚፈላውም ካፌይን አያጣም።

ሁለተኛ፦ የኪሎው ስሌት

የጀበና ቡና በሲኒ ቢቆጠር እውነቱን አይናገርም፤ የአንዷ እጅ ይወፍራል፣ የሌላዋ ይቀጥናል። እኔ ያገኘሁት ቀላሉ መንገድ ከኪሎው መነሳት ነው። አንድ ኪሎ ጥሬ የአረቢካ ቡና፣ የእኛ አገር ቡና ማለት ነው፣ በውስጡ 10 ግራም ያህል ካፌይን አለው። ሲቆላ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ካፌይኑ ግን ብዙም አይጠፋም።

ቡና የገዛችሁበትን ቀን ጻፉ፣ ያለቀበትን ቀን ጻፉ። የእኛ ቤት አንድ ኪሎ በ10 ቀን ያልቅ ነበር፤ ጠጪዎቹ እኔና ባለቤቴ ነን። 10 ግራም ማለት 10,000 ሚሊግራም ነው። ለ10 ቀን ሲካፈል በቀን 1,000፣ ለሁለት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዳችን 500። እንግዳ የጠጣው ይቀነሳል፣ አተላው ውስጥ የሚቀርም አለ፤ ስለዚህ ይህ ጣሪያው ነው። በዚያ ላይ ግን እኔ በር ላይ የምጠጣውና ቢሮ ያለው ማኪያቶ አልተቆጠረም። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምገማ ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊግራም፣ ለነፍሰ ጡር እስከ 200 ሚሊግራም ስጋት የለውም ብሏል። እኔ ራሴን «ቡና ብዙም አልጠጣም» ከሚሉት ነበር የምመድበው።

ሦስተኛ፦ ደብተሩን ማንበብ

ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና ቀዩ የት እንደተሰበሰበ እዩ።

ሕመሙ ቡና በዘገየበት ቀን ከመጣ፣ ማለትም በጾም ቀን፣ በቅዳሴ ቀን፣ ቅዳሜ አርፍዳችሁ ስትነሱ፣ ለቅሶ ስትሄዱ፣ ክፍለ ሀገር ስትጓዙ፣ የእኔው ታሪክ ነው ማለት ይቻላል። ራስ ምታት ብቻም አይደለም፤ መጫጫን፣ ንዴት፣ ሐሳብ አልሰበሰብ ማለትና ማቅለሽለሽም ከዚያው ይመጣሉ። በረመዳን የመጀመሪያ ቀናት ራሱን የሚያመው ጎረቤቴም ይህንኑ ነው ያገኘው።

ሌሊት ከነቃችሁ የማታውን ሲኒ ሰዓት ተመልከቱ። አዋቂ ሰው የጠጣው ካፌይን ከሰውነቱ በግማሽ የሚቀንሰው በአማካይ በ5 ሰዓት ነው። ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ 200 ሚሊግራም የጠጣ ሰው ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል ላይ 100 ሚሊግራም ይዞ ተኝቷል። ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ይህን ጊዜ በእጥፍ ገደማ ያረዝመዋል፤ እንክብሉን የምትወስድ ሴት ያው 100 ሚሊግራም 10 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ማንቂያው ሲጮህ፣ ገና አብሯት ነው። በእርግዝና መጨረሻ ወራት ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። «እኔ ጠጥቼ እንቅልፍ ይወስደኛል» የሚል ብዙ ነው። መውሰዱን ይወስዳል፤ እንቅልፉ ግን ያጥራል፣ ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ከመኝታ 6 ሰዓት ቀደም ብሎ የተወሰደ 400 ሚሊግራም እንኳ እንቅልፍን ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚያሳጥር አሳይቷል። ጠዋት የምንነሳው 10 ሰዓት ተኩል ለሆነ ለእኛ አንድ ሰዓት ብዙ ነው።

የእንክብሉን ዓምድ ለብቻ ቁጠሩ። ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ቅልቅል ማስታገሻ በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር በላይ የወሰደ ሰው ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣበት ይችላል። ከቅልቅሎቹ አንዳንዶቹ በአንድ ፍሬ 65 ሚሊግራም ካፌይን አላቸው፤ ካርቶኑን አንብቡ። «ይሄኛው ነው ለእኔ የሚሆነኝ» የምንለው አንዳንዴ ስለዚህ ነው።

ጨጓራ ካመማችሁ እንክብሉን ከቡናው ቀድማችሁ ጠርጥሩ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የጨጓራን ግድግዳ ያቆስላሉ። እኛ ሰፈር የማየው ሰንሰለት ይህ ነው፦ ቡና ይዘገያል፣ ራስ ይፈልጣል፣ ዳይክሎፌናክ በባዶ ሆድ ይዋጣል፣ ጨጓራ ይቃጠላል፣ ሰውዬው ሚጥሚጣውን ይተዋል፣ እንክብሉን ግን አይተውም። ቡና የጨጓራ አሲድ ይጨምራል፣ ለቃርም መንገድ ይከፍታል፤ ቁስለቱን በብዛት የሚያመጡት ግን ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያና እነዚሁ ማስታገሻዎች ናቸው። ኤች ፓይሎሪ በሰገራ ምርመራ ይታወቃል፣ በሐኪም ትእዛዝም ይታከማል።

የልብ ምት የጨመረባቸውን ቀናት መድኃኒት ስትወስዱ ከነበሩበት ጋር አስተያዩ። ለታይፎይድ እየተባለ በብዛት የሚታዘዘው ሲፕሮፍሎክሳሲን ጉበት ካፌይንን የሚያስወግድበትን ፍጥነት ይቀንሳል። ያንኑ ሦስት ሲኒ ጠጥቶ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ልቡ የሚመታ ሰው «መድኃኒቱ ከበደኝ» ይላል። ለእኔ ሁለት ጊዜ ሆኖብኛል። ታይፎይድ ለማለት የሚሠራው የዊዳል ምርመራ በሽታው በሌለበት ሰው ላይም አለ ሊል እንደሚችል ያወቅኩት በኋላ ነው።

አራተኛ፦ ቡናን ሳይጣሉ መቀነስ

በአንድ ቀን አታቁሙ። በአንድ ቀን ያቆመ ሰው ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ይብስበታል፣ እስከ ዘጠኝ ቀንም ሊቆይበት ይችላል። ለታክሲ ሰልፍም ለሥራም አይሆንም።

እኔ የቀነስኩት በማንኪያ ነው። ጀበናዬ ስድስት የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ቡና ይገባው ነበር። በየአራት ቀኑ ግማሽ ማንኪያ አወረድኩ። ከስድስት ወደ ሦስት ለመድረስ 24 ቀን ፈጀብኝ። ባለቤቴ መቅጠኑን ያወቀው አራት ላይ ስደርስ ነው። ራሳችሁን ካመማችሁ ባላችሁበት ሌላ አራት ቀን ቆዩ፤ ወደ ላይ ግን አትመለሱ።

ከዚያ የማታው መጣ። የከበደኝም እሱ ነው። እኛ ሰፈር ሰው ከተለያየ ቦታ በዕጣ ደርሶት የመጣ ነው፤ ያገናኘን ቡናው ነው። ቡና ጠጪ ተብሎ ተጠርቶ አልጠጣም ማለት ሰውን መግፋት ይመስላል። ስለዚህ ቁጭ እላለሁ፣ እጣኑን አሸታለሁ፣ ቆሎዬን እበላለሁ፣ አቦልና ቶናን አሳልፌ በረካ ላይ አንድ ሲኒ እቀበላለሁ። በረካ በዚያው አተላ ላይ ውሃ ተጨምሮ ለሦስተኛ ጊዜ የሚፈላ ስለሆነ አብዛኛው ካፌይን ከአቦልና ከቶና ጋር ሄዷል። ምርቃቱም አልቀረብኝም። ለሰዎቹ ምክንያቱን አንዴ በግልጽ ነገርኳቸው፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልተቀየመም፤ ጭራሽ ሁለቱ ጎረቤቶቼ በረካ ጠባቂ ሆኑ። አሁን የሰፈሩን ቡና ወደ ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት አዛውረነዋል፤ በአዘቦት ማታ ጦስኝ ወይም ዝንጅብል እናፈላለን።

ለጾመኞች አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ቅበላው ሰሞን ቡና ጠግቦ ሰኞ ጠዋት ድንገት ማቆም ራስን ማሠቃየት ነው። ከሦስት ሳምንት አስቀድማችሁ በማንኪያው ጀምሩ። ለረመዳንም እንዲሁ።

አምስተኛ፦ ቡናን ከምግብ ማራቅ

ድካም ድካም የሚላችሁ፣ ደረጃ ስትወጡ ልባችሁ የሚመታ፣ ፀጉራችሁ የሚረግፍ ከሆነ ይህ የእናንተ ክፍል ነው። ቡናና ሻይ ውስጥ ያሉ ፖሊፌኖሎች ከእህልና ከአትክልት የምናገኘውን ብረት ይዘው ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ ቡና ወደ ደም የሚገባውን ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደቀነሰ አገኘ። ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ የተጠጣ ቡና ምንም አልቀነሰም። ከምግቡ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣው ግን አብሮ እንደተጠጣው ያህል ቀነሰ። የእኛ ልማድ ደግሞ ምሳ ተበልቶ፣ እጅ ታጥቦ፣ ወዲያው ቡና ነው።

«ጤፍ ብረት አለው፣ እኛ ደም አያንሰንም» የሚለውን አትመኑ። ጤፍ ብረቱን የሚይዝ ፋይቴት የሚባል ነገርም አለው፤ ሊጡ በእርሾ በደንብ ሲቦካ ይቀንሳል። ቡናውን ከምግብ አንድ ሰዓት ቀደም፣ ካልሆነም ሁለት ሰዓት ዘግየት አድርጉት። ገበታው ላይ ጥሬ ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ አይጥፋ፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ያግዛል። ባዶ ሆድ ላይ ቡና የሚያቃጥለው ሰው ጥቂት ቆሎ ወይም ዳቦ ይቅደም።

የእንቅርት መድኃኒት፣ ሌቮታይሮክሲን የሚወስድ ሰው እንክብሉን በባዶ ሆድ በውሃ ብቻ ይዋጥ፣ ቡናውን ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ያቆየው። ከቡና ጋር ሲወሰድ መድኃኒቱ በሚገባ ወደ ደም አይገባም።

ስድስተኛ፦ ምግቡ፣ አንድ በአንድ

ካፌይኑ ከተረጋጋ በኋላ ነው ወደ ምግብ የሚኬደው። ሁለቱን አንድ ላይ የቀየረ ሰው የትኛው እንደረዳው አያውቅም። ሆድ መነፋት ከሆነ ጥያቄው መጀመሪያ ወተቱን ሞክሩ፤ ብዙ አዋቂ የወተትን ስኳር መፍጨት አይችልም፣ ማኪያቶ የሚነፋው ሰው ያለው ለዚህ ነው። ለሁለት ሳምንት አቁሙት፣ ከዚያ መልሱት፣ ጻፉ። በጾም ወቅት የሚነፋችሁ ከሆነ ሽሮው፣ ባቄላው፣ ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ ናቸው የሚጠረጠሩት፤ መጠኑን ቀንሱ እንጂ ጥራጥሬን ከገበታ አታውጡ፣ የጾመኛ ፕሮቲን እሱ ነው። ለቃር ደግሞ ራትን ከመኝታ ሦስት ሰዓት ማራቅ ነበር ደግ። ማታ 2 ሰዓት በልቶ 4 ሰዓት ለሚተኛ ይህ ከባድ ነው፤ እኔ ምሳዬን አጠንክሬ ራቴን አሳነስኩ።

በዓመት ከ180 ቀን በላይ የሚጾም ሰው፣ በፍስኩም ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት እምብዛም ካላገኘ፣ ቫይታሚን ቢ12 ሊያንሰው ይችላል፤ ይህ ቫይታሚን በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ነው። እግር መደንዘዝ፣ እንደ መርፌ መውጋት፣ መርሳት ካለ ምርመራውን ጠይቁ። በሽተኛ ስለሆነ ሰው ጾም ከነፍስ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ታዝናለች።

ሰባተኛ፦ ሐኪም ጋ ይዞ መመለስ

በቀነሳችሁበት መጠን አራት ሳምንት ከቆያችሁ በኋላ ያለፈውንና ያሁኑን ሁለት ሳምንት በአንድ ገጽ አስቀምጡ፦ ያመማችሁ ቀናት ብዛት፣ የሕመሙ ከፍተኛ ቁጥር፣ የእንክብል ብዛት፣ የእንቅልፍ ሰዓት። የእኔ ራስ ምታት ከ14 ቀን ስድስቱ ነበር፤ ወደ አንድ ወረደ። እንቅልፌ ግን በአንድ ወር አልተስተካከለም፣ ሦስት ወር ፈጅቶበታል።

ካልተሻላችሁም ገጹ ዋጋ አለው። ለሐኪሙ ስጡትና ሄሞግሎቢን ብቻ ሳይሆን የብረት ክምችትን የሚያሳየው ፌሪቲን፣ የታይሮይድ ምርመራ፣ ስኳር፣ የደም ግፊት፣ ካስፈለገም ቢ12 እንዲታይላችሁ ጠይቁ።

ከእኛ ብሎክ ምድር ቤት ያሉት እማማ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ልባቸው ይመታል፣ እንቅልፍ የላቸውም። ሁላችንም ቡናው ነው አልን። በማንኪያ ቀንሰው ግማሽ ደረሱ፣ አራት ሳምንት ጠበቁ። «ቡናዬንም ቀነስኩት ልጄ፣ እጄ ግን ያው ነው» አሉኝ። ደብተራቸውን የልጅ ልጃቸው ነው የምትጽፍላቸው፤ ገለጥ ሳደርገው ምልክቱ ከቡናው ጋር አይሄድም፤ በጠጡበትም ባልጠጡበትም ቀን ቁጥሩ እኩል ነው። ያንን ገጽ ይዘን አብረን ሄድን። ሐኪሟ አንብባ የታይሮይድ ምርመራ አዘዘች፤ ከልክ በላይ እየሠራ ተገኘ፤ መድኃኒት ጀመሩ። አሁን ሁለተኛ ደብተር ላይ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ሲኒያቸውን ረከቦቱ ላይ ሲያስቀምጡ ይንቀጫቀጭ እንደሆነ ጆሯቸውን ጥለው ይሰማሉ፣ ለልጅቷም ቁጥሩን ይነግሯታል። ባለፈው ሳምንት ከ7 ወደ 3 ወርዷል።